የካቲት 12 በቦምቡ አልጀመረም

ሰሞኑን አንድ የሬዲዮ ውይይት ስሰማ ደሜ ፈላ። እንግዳው ታሪክ አዋቂ ተብሎ የቀረበ ሰው ነው። «አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም በጣልያኑ እንደራሴ በግራዚያኒ ላይ ያንን ቦምብ ባይወረውሩ ኖሮ ያ ሁሉ ሕዝብ አያልቅም ነበር። ጣልያን እስከዚያ ድረስ ሰላማዊ ሰው አልነካም» አለ። አዘጋጁም ዝም ብሎ አሳለፈው።

አልነካም? እስቲ ቀን እንቁጠር።

ጣልያን አዲስ አበባ የገባው ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ነው። ገና በወሩ፣ ግንቦት 28፣ ሙሶሊኒ የተማረከ አመፀኛ ሁሉ ይረሸን ብሎ በቴሌግራም አዘዘ። ሐምሌ 1 ደግሞ ሌላ ቴሌግራም ለግራዚያኒ ላከ። በአርበኞቹና ከእነሱ ጋር ባበረው ሕዝብ ላይ ሽብርና ፍጅት በዕቅድ እንዲካሄድ ፈቀደለት። ልብ በሉ፣ ሕዝብ ነው የሚለው። ቦምቡ የተወረወረው የካቲት 12 ቀን 1929 ነው። ትእዛዙ ቦምቡን ሰባት ወር ይቀድመዋል! ሰባት ወር ዘግይቶ የመጣ ነገር እንዴት አድርጎ ነው ለቀደመው ሰበብ የሚሆነው?

አቡነ ጴጥሮስስ? አዲስ አበባ ላይ፣ ሕዝብ እያየ የረሸኗቸው ሐምሌ 22 ቀን 1928 ነው። እጃቸው ላይ ቦምብ አልነበረም። አርበኞቹን አውግዙ ተባሉ፣ እምቢ አሉ። ሕዝቡም ምድሪቱም ለጣልያን እንዳይገዙ ገዘቱ። በቃ፣ ጥፋታቸው ይኸው ነው። የራስ ካሣ ልጆች አበራና አስፋወሰንም ምሕረት ታገኛላችሁ ተብለው እጃቸውን ሰጡ። በታኅሣሥ 1929 ፍቼ ላይ ተገደሉ። እንግዳው ይህን ሁሉ ዘሎታል።

አብርሃ ራሱ ጣልያን ቢሮ በአስተርጓሚነት የሚሠራ ወጣት ነበር። የሚባለውንም የሚደረገውንም ከቅርብ ያያል። ያ ዓመት ሰላም ቢሆን ኖሮ ደመወዙን እየበላ አርፎ በተቀመጠ ነበር።

ለመሆኑ ቦምቡ በተወረወረበት አርብ በግራዚያኒ ቤተ መንግሥት ግቢ ውስጥ ማን ነበር? ምጽዋት ይሰጣችኋል ተብለው የተጠሩ ድሆች። ዓይነ ስውራን፣ አካል ጉዳተኞች፣ በምርኩዝ የመጡ አሮጊቶች። መትረየሱ የተከፈተው በእነሱ ላይ ነው። ከዚያ ጥቁር ሸሚዝ ለባሾቹ የፋሺስት ታጣቂዎች ቤንዚን ይዘው ወደ ሰፈሩ ወጡ። የሣር ቤቶቹን ሰው ውስጣቸው እንዳለ አቃጠሉ። ሦስት ቀን ሙሉ! ቦምብ ወርዋሪ የሚፈልግ ሰው የተኙ ሕፃናት ያሉበት ጎጆ ላይ ቤንዚን አያርከፈክፍም።

አንድ ነገር እቀበላለሁ። ከቦምቡ በኋላ ምን ይደረግ የሚለው በደንብ አልተሰናዳም ነበር። ግን ይህ ስለ ሁለቱ ወጣቶች ዝግጅት የሚነሳ ጥያቄ ነው። የገዳዩን ደም ወስዶ እነሱ እጅ ላይ መቀባት ነውር ነው።

በግንቦት፣ ጣልያን ከተማዋን በያዘ በዓመቱ፣ ተራው የደብረ ሊባኖስ ሆነ። መጀመሪያ መነኮሳቱን ረሸኑ። ዲያቆናቱን ግን ለይተው ወደ ደብረ ብርሃን ወሰዷቸው። ከቀናት በኋላ እነሱንም ደገሙ። ግራዚያኒ በራሱ ቴሌግራም ያመነው 449 ሰው ነው፤ ኋላ የተደረጉ ጥናቶች ቁጥሩን ከዚያ እጅግ ከፍ ያደርጉታል። ያ እንግዳ ተመልሶ ማይክሮፎኑ ፊት ከተቀመጠ፣ አዘጋጁ አንድ ጥያቄ ይጠይቅልኝ። እነዚያ ዲያቆናት ምን ወርውረው ነው?