ጎብኚ መቁጠር ብቻውን እንጀራ አይሆንም

ስለ ድረ ገጽ ጎብኚ መለኪያ መሣሪያዎች ያነበብኩት ጽሑፍ መሣሪያ ከመምረጣችሁ በፊት የምትለኩትን ምረጡ ማለቱ ልክ ነው። እኔ ግን የሠራሁት ተገላቢጦሹን ነው። የቆዳ ጫማ የምንሸጥበት ትንሽ ድረ ገጽ አለን። የድረ ገጽ ጎብኚ የሚቆጥረውን ጉግል አናሊቲክስ አስገባሁና በየጠዋቱ የጎብኚውን ቁጥር እያየሁ ደስ ይለኝ ነበር። ቁጥሩ ይወጣል፣ ሽያጩ ግን ንቅንቅ አላለም።

ነገሩ የገባኝ ቆይቶ ነው። የእኛ ደንበኛ ድረ ገጹ ላይ አይገዛም። ፎቶ ያያል፣ ዋጋ ያያል፣ ከዚያ ይደውላል ወይም በቴሌግራም «42 ቁጥር አለ?» ይላል። ስለዚህ መቆጠር ያለበት ስልክ ቁጥሩን የነካው ሰው ነው። አሁን እሱን ለብቻው እናስቆጥራለን። የሚደውለውንም «የት አዩን?» ብለን ደብተር ላይ እንጽፋለን። አትሳቁ፣ ደብተሩ ብዙ ጊዜ ከሶፍትዌሩ ይበልጣል።

ጽሑፉ ያለፈው አንድ ነገር አለ። ከቴሌግራም መተግበሪያ የሚመጣ ሰው ብዙውን ጊዜ «ዳይሬክት» ተብሎ፣ ማለትም አድራሻውን ራሱ ጽፎ እንደመጣ ሰው ነው የሚመዘገበው። ሊንካችሁ ላይ የዩቲኤም ምልክት (ጎብኚው ከየት እንደመጣ የሚናገር፣ ሊንኩ መጨረሻ ላይ የሚቀጠል ጽሑፍ) ካልጨመራችሁ የቴሌግራም ማስታወቂያችሁ ይሥራ አይሥራ አታውቁም።

ሌላው፣ ጂኤ 4 (የአሁኑ ጉግል አናሊቲክስ) «ኤክስፕሎር» በሚለው ክፍል የሚያሳያችሁ ዝርዝር መረጃ፣ ቅንብሩን ካልነካችሁት፣ የ2 ወር ብቻ ነው። ዛሬውኑ ገብታችሁ 14 ወር አድርጉት። እኔ ይህን ያወቅኩት የፋሲካን ገበያ ካለፈው ዓመት ጋር ላወዳድር ስል ነው። ባዶ! ድረ ገጻችሁ ጉግል ፍለጋ ላይ እንዴት እንደሚታይ የሚያሳየው የጉግል ሰርች ኮንሶል እንኳ ማንም ሳይነካው የ16 ወር ያስቀምጣል።