ለክቡር የኤሌክትሪክ ሚኒባስ

ጉዳዩ፦ ስለ ክብደቴ ማብራሪያ ስለመጠየቅ

ጭስ አይተፉም፤ ቤንዚንም አይጠጡም። ቅዳሜ ገበያ ላይ በርበሬ የተሸከሙ እናቶች ተረከዝ አጠገብ ሲደርሱ እንኳ ድምፅዎ አይሰማም። እግዚአብሔር ይስጥዎ።

ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት የባንክ ቀጠሮ ስለነበረኝ ሙሉ ልብስ ለብሼ ከአዘዞ ወደ ፒያሳ ተሳፈርሁ። ከሹፌሩ ፊት ያለው ሰሌዳ 14 በመቶ ይላል። ዳገቱን ስንጀምር ቁጥሩ መውረድ ያዘ። ሹፌሩ በመስታወቱ ረዳቱን አየው፤ ረዳቱ ደግሞ ለበዓል በግ እንደሚመርጥ ሰው እኛን ተራ በተራ አየንና ዓይኑን እኔ ላይ አሳረፈ።

«ጋሼ፣ ባትሪው ጫና በዝቶበታል። እርስዎ ቢወርዱለት ይወጣዋል።»

እኔ ብቻ! አንዲት ልጅ ሳቋን በነጠላዋ ጫፍ አፈነች። አንድ አዛውንት «ለስኳርም ጥሩ ነው፣ ይራመዱ» ብለው መከሩኝ። የከፈልሁትን ብር ስጠይቅ በሩ ተዘጋ።

ኮቴን በክንዴ ይዤ ዳገቱን ተያያዝሁት። እርስዎም ከፊቴ ራቁ፣ ራቁና መራቁን ተዉት። ስደርስ ቆመዋል። ተሳፋሪው ከነወንበሩ ነው። ረዳቱ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ «እንኳን ደረሱልን ጋሼ! ወደ ዳር እናስጠጋው፤ ከኋላ ያዝ ያድርጉልን» አለኝ። ከአንድ የባጃጅ ሹፌር ጋር ገፋሁ። ያቺ ልጅ በኋላው መስታወት እያየችኝ ነበር፤ ሳቋን ማፈኑን ትታዋለች።

ሹፌሩ ሊያጽናናኝ ሞከረ። ለካ ቁልቁለት ላይ ፍሬን በያዙ ቁጥር ባትሪዎ ጥቂት ጥቂት ይሞላል። «በመልሱ ይምጡ፤ ስንወርድ ከባድ ሰው ይጠቅመናል» አለኝ።

ከኋላዬ የተቀመጠችው ሴት ግን አልሳቀችም። ልጇን ለሐኪም ቀጠሮ ይዛ ነበር የተሳፈረችው። ሰዓቱ ካለፈ ካርድ ክፍል ምን እንደሚላት ሁላችንም እናውቃለን። ባትሪህ እንደማያደርስህ እያየህ ለምን ጫንሃት? «ሌሊት መብራት ጠፍቶ ነበር» አልህ። መጥፋቱን ከእኛ በፊት የምታውቀው አንተ አይደለህም? ሒሳብ ሲሰበሰብ ስለ ባትሪ ትንፍሽ ያለ ሰው አልነበረም። በ2016 ዓ.ም. ነዳጅ የሚጠጣ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ተከለከለ፤ እሰየው አልን። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. 5,150 ሜጋ ዋት የሚያመነጭ ግድብ ተመረቀ፤ እልል አልን። ከዚያ ሁሉ ሜጋ ዋት አንዲትን እናት ከነልጇ ዳገት የሚያወጣ ይጠፋል? ልጁን አዝላ በእግሯ ሄደች። ማንም ይቅርታ አልጠየቃትም።

ወደ ክብርዎ ልመለስ። ብሬን ለማስመለስ ማመልከቻ ከመታወቂያ ኮፒ ጋር አቅርብ ተብያለሁ፤ ኮፒው ከታሪፉ ይበልጣል።

ስለሆነም በክብደቴ ላይ የተላለፈው ውሳኔ በስንት ኪሎ እንደተወሰነ፣ በየትኛው ሚዛን እንደተለካና ይግባኝ የሚባልበት ቢሮ የት እንደሆነ በጽሑፍ እንዲገለጽልኝ እጠይቃለሁ።

ከሰላምታ ጋር፣
ከፍሎ የገፋው ተሳፋሪዎ

ግልባጭ፦
ለረዳቱ
ለመብራት (ሲመጣ)