በሦስት ቀን የሚደርስ መለዋወጫ የለም

ሰሞኑን የአንድ መኪና አምራች ኩባንያ ኃላፊ፣ በየብስ ከአገር አገር የሚጓዙ ሰዎች መለዋወጫ ጭነው መዞራቸው ያለፈበት ልማድ ነው፤ ዛሬ ማንኛውም ዕቃ የትም ቦታ በሦስት ቀን በአውሮፕላን ይደርሳል ሲሉ ተናግረዋል። ይህን ሊል የሚችለው መኪናው በባዕድ አገር መንገድ ዳር ቆሞበት የማያውቅ ሰው ብቻ ነው።

ለመሆኑ ሦስቱ ቀን የሚያልቀው የት ላይ ነው? ዕቃው አውሮፕላን ማረፊያ መድረሱና ተጓዡ እጅ መግባቱ ፈጽሞ አንድ አይደለም፤ በመካከሉ ጉምሩክ አለ። ተጓዡ በዚያ አገር የግብር ከፋይ ቁጥር የለውም፣ አስመጪም አይደለም፤ የያዘው ካርኔም፣ ማለትም መኪናን ያለ ቀረጥ በጊዜያዊነት የሚያስገባው ሰነድ፣ የሚሸፍነው መኪናውን እንጂ ኋላ በጭነት የሚመጣለትን ፓምፕ አይደለም። እርግጥ ነው፣ የግል መኪናዎችን በጊዜያዊነት ስለማስገባት እ.ኤ.አ. በ1954 ኒው ዮርክ ላይ የተፈረመው ስምምነት ለጥገና የሚመጣ ዕቃ ያለ ቀረጥ እንዲገባ ይፈቅዳል። ነገር ግን ይህን የወረቀት መብት መጋዘን በር ላይ ለማስከበር አስተላላፊ መቅጠር፣ ከቢሮ ቢሮ መመላለስና ማኅተም መጠበቅ ግድ ነው፤ ይህ ሁሉ ሲሆን የቪዛውም ሆነ የመኪናው የመቆያ ፈቃድ ቀን መቁጠሩን አያቆምም።

ከጉምሩክ የወጣው ዕቃ ትክክለኛው ላይሆንም ይችላል። ቶዮታ ነው፣ የትም ይገኛል የሚሉ ብዙዎች ናቸው፤ ሰሜን አሜሪካ ውስጥ የሚሸጠው ታኮማና በአፍሪካና በእስያ መንገዶች የምናየው ሃይሉክስ ግን የአንድ ፋብሪካ ስም የያዙ የተለያዩ መኪናዎች ናቸው። ታኮማ ይዞ አፍሪካን የሚያቋርጥ ሰው መኪናውን የሚመስል መኪና በየመንደሩ እያየ የሞተሩን ዕቃ ግን ላያገኝ ይችላል።

እኔ ከሁለት ዓመት በፊት በአንድ የድንበር ከተማ ዲናሞዬ መጮህ ሲጀምር ወለሉ አፈር የሆነ ጋራዥ ገባሁ። መካኒኩ ዲናሞውን ፈቶ ኩሽኔታውን በናፍጣ በራሰ ጨርቅ ጠረገና ወደ ብርሃን አስጠግቶ የተቀረጸበትን ቁጥር አነበበ፤ 6303 ይላል። የውስጥ ቀዳዳው 17፣ የውጭ ስፋቱ 47፣ ውፍረቱ 14 ሚሊ ሜትር ነው ማለት ነው፤ ማንም ፋብሪካ ይሥራው፣ ልኩ በየትኛውም አገር ያው ነው። ረዳቱ ሮጦ የሞተር ሳይክልና የውኃ ፓምፕ ዕቃ ከሚሸጥ ሱቅ ገዝቶ መጣ፤ ከሰዓት በኋላ መንገዴን ቀጠልሁ።

ያ መካኒክ መኪናዬን ያዳነው ልኩ ከማንም ስላልተደበቀ ነው። ኃላፊው ሊሸጡልን የሚፈልጉት መኪና ግን የሞተር መቆጣጠሪያው በኮድ የተቆለፈ ነው፤ አዲሱ ዕቃ በተባለው ሦስት ቀን ደርሶ ቢገጠም እንኳ የኩባንያው ኮምፒውተር እስኪያውቀው ድረስ ሞተሩ አይነሣም። ያ ኮምፒውተር ያለበት ጋራዥ ደግሞ ሁለት ድንበር ማዶ ነው። ይህን እያወቁ ሰዎች መለዋወጫቸውን ቤት ጥለው እንዲወጡ መምከር ሰውን በረሃ ላይ ማስቀረት ነው።

ኩባንያው ለተጓዦች እውነተኛ አሳቢ ከሆነ የእያንዳንዱን ዕቃ ቁጥርና ልክ ለሁሉም ይግለጽ፤ የመመርመሪያ ሶፍትዌሩንም ለማንኛውም መካኒክ ይክፈት። አይቻልም እንዳይሉን፣ የአሜሪካዋ ማሳቹሴትስ ግዛት መራጮች ይህን የጥገና መረጃ መብት እ.ኤ.አ. በ2012 እና በ2020 በድምፃቸው አጽድቀውታል። ያ እስኪሆን ድረስ ቺንጋው፣ የነዳጅ ፊልትሮው፣ የራዲያተር ጎማውና የውኃ ፓምፑ ከመኪናዬ አይወርዱም።