ቤቱ የኔ፣ መስኮቱ የታሪክ

ቤትህ ቅርስ ነው ተብሎ ሲመዘገብ መጀመሪያ ደስ ይላል። ደረትህ ይነፋል። እንግዳ በመጣ ቁጥር የበሩን ቅርጽ እያሳየህ ታደክመዋለህ። ይሄ ሁሉ ግን ጣሪያው ማፍሰስ እስኪጀምር ነው።

ያኔ «ጥገና» እና «ለውጥ» የሚባሉ ሁለት ቃላት እንቅልፍ ይነሱሃል። የተበላሸውን በዚያው ዓይነት ቁስ፣ በዚያው አሠራር ብትጠግን በብዙ ቦታ ፈቃድ አትጠየቅም። የቤቱን መልክ ከቀየርክ ግን ማመልከቻ ይዘህ መሰለፍ ነው። ሲያወሩት ቀላል ነው። የበሰበሰ መስኮት ፊት ስትቆም ግን ነገሩ ይዞራል። የበሰበሰውን ጫፍ ቆርጠህ ተመሳሳይ እንጨት ብትቀጥል፣ ጥገና። ሙሉውን ነቅለህ አምሳያውን ብትተካስ? እዚህ ጋ ባለሙያው አገጩን ያሻል። ብርዱ ገደለኝ፣ ባለ ሁለት መስታወት ላድርገው ካልክማ ለይቶለት ለውጥ ነው። ብርዱም አብሮ ሳይመዘገብ አልቀረም።

«ውስጡን ማን ያየኛል?» እንዳትል። በእንግሊዝ አንድ ቤት ሲመዘገብ ውጪውም ውስጡም፣ ከቤቱ ጋር የተያያዘውም ዕቃ ጭምር ነው የሚጠበቀው። ያለ ፈቃድ መልኩን መቀየር ወንጀል ነው፤ እስከ 2 ዓመት ሊያሳስር ይችላል። ቢያንስ በማያፈስ ጣሪያ ሥር ትተኛለህ። ደግሞ የቀድሞው ባለቤት በስውር ያፈረሰውን አንተ እንደነበረ መልስ ልትባል ትችላለህ። የሰው ኃጢአት ከነካርታው ገዛህ ማለት ነው።

አሮጌ ግድግዳ በሲሚንቶ ሳይሆን በኖራ ይጠገን ሲሉ ግን የቅርስ ባለሙያዎቹ እውነት አላቸው፤ ቢያናድደኝም አምናለሁ። በኖራ የተሠራ አሮጌ ግድግዳ ይተነፍሳል። ያስገባውን እርጥበት መልሶ ያወጣል። አንተ ልታጠነክረው ብለህ ሲሚንቶ ስትለስንበት እርጥበቱ መውጫ ያጣል፤ ጡቡም ፊቱ እየተላጠ ይረግፍልሃል። በቀና ልብ አፍነህ ገደልከው።

የእኔ ተወዳጅ ግን እ.ኤ.አ. በ1964 የወጣው የቬኒስ ቻርተር፣ ማለትም ቅርስ እንዴት እንደሚጠገን የሚናገረው ዓለም አቀፍ ሰነድ ነው። የጎደለውን የምትተካበት ነገር ከቀረው ጋር ይስማማ ይላል፤ ነገር ግን ከጥንቱ ተለይቶ ይታወቅ። ይመሳሰል፣ ግን እንዳይመሳሰል! ሐሳቡ ታሪክ እንዳይዋሽ ነው፤ ይገባኛል። እስቲ ይሄን ለአናጺ አስረዳው። ሜትሩን ጠቅልሎ ኪሱ ይከትና «መጀመሪያ እናንተ ተስማሙ» ብሎህ ይሄዳል።

እስከዚያው ማመልከቻህ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ይዞራል። ክረምቱም ይገባል። ከሚያፈሰው ቦታ ሥር ባልዲ ታስቀምጣለህ። ለባልዲ ፈቃድ አያስፈልግም። ብቻ እንዳይገለበጥ ብለህ ወለሉ ላይ በሚስማር እንዳትመታው።