እንደ ሰብለና እንደ በዛብህ ያድርጋችሁ

ባለፈው ቅዳሜ ሠርግ ተጠርቼ ነበር። መድረክ መሪው ማይኩን ጨብጦ «ፍቅራችሁ እንደ ሰብለ ወንጌልና እንደ በዛብህ ይሁን!» አለ። አዳራሹ በእልልታ ተናጋ። እኔ ጉርሻዬ አፌ ውስጥ ቀረ። ሰውዬው እየመረቀ ነው እየረገመ? በዛብህ እኮ መንገድ ላይ ሽፍታ አግኝቶት ነው የሞተው። እሷም መነኮሰች። የልብ ወለዱ ርዕስ ራሱ «ፍቅር እስከ መቃብር» ነው፤ ከዚህ በላይ ምን ብለው ይንገሩት?

«ይሄ ሰው መጽሐፉን አላነበበውም» አልኩት አጠገቤ ለተቀመጠው።

«ያላነበበ ማን አለ?» ብሎ ተቆጣኝ። ቆየት ብሎ «እኔማ በሬዲዮ ነው የሰማሁት» አለ።

እኔም ብሆን ንጹሕ አይደለሁም። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙትን ገልጬ ስቀመጥ የሚያነብልኝ በሬዲዮ የተረከው ወጋየሁ ንጋቱ ነው። የሰብለ አባት ፊታውራሪ መሸሻ የሚቆጡት በእሱ ጉሮሮ ነው። መጽሐፉን ልውደደው ወጋየሁን፣ እስከ ዛሬ አልለየሁም። ንግግሩ ሲረዝም ያለ እሱ ድምፅ እንቅልፌ ይመጣል። ይህን ደግሞ ሰው ፊት አይሉትም። እናቴ «ተቀምጠው የሰቀሉትን ቆመው ለማውረድ ይቸግራል» ትላለች። እሷ ለቆጥ ዕቃ ነው የምትተርተው፤ እኔ ለዚህ መጽሐፍ ወስጄባታለሁ።

ጉዱ ካሣን ግን እንዳትነኩብኝ! አገር በሙሉ እብድ ያለው እሱ፣ ከሁሉም ጤነኛው እሱ።

በዛብህ ነው የሚያናድደኝ። ወላጆቹ ተሳሉበት፣ እሺ፣ እሱ ምን ያድርግ። የፊታውራሪን ልጅ ወደደ፣ ይሁን። ነገሩ ሲታወቅ ግን እግሬ አውጪኝ ብሎ አዲስ አበባ ገባ። ቤት ንብረቷን ጥላ ከጎጃም ፍለጋ የወጣችው እሷ ናት! ሙሽራ የምንመርቀው እንግዲህ በዚህ ሰው ነው።

የራሴን ቅጂማ አታንሱብኝ። የዛሬ ዘጠኝ ዓመት አንድ የሥራ ባልደረባዬ «ለሁለት ሳምንት» ብሎ ወሰደው። አንድ ቀን ቤቱ ሄጄ አየሁት፤ የቴሌቪዥኑ ማስቀመጫ አንድ እግሩ አጥሮ ኖሮ ከሥሩ ገብቷል። ከ500 ገጽ በላይ ስለሆነ ልክክ ብሎለታል። «እያነበብኩት ነው» አለኝ፣ ዓይኑን ከኳሱ ሳይነቅል።

ምን ላይ ነበርኩ? አዎ፣ ሠርጉ። ኬክ ሲቆረስ ሙሽራው ቢላዋውን ለሙሽራዋ አቀብሎ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሲል አየሁት። ወይ በዛብህ!