ለአራት ቁጥሩ ጋሼ ምስጋና ይድረስ

ደብረ ብርሃን ብርድ አለ። ይኼን ሁሉም ያውቃል። እኛ ግቢ ግን አንድ የማይበርደው አለ፤ የአራት ቁጥሩ ጋሼ ኮምፒውተር። ሌት ተቀን አይጠፋም። ሲያወርድ ይውላል፣ ሲያወርድ ያድራል። የሐምሌ ዝናብ እንኳ እንደሱ አያወርድም።

ስድስት ተከራዮች ነን። ተዋጥተን 10 ሜጋ የኢንተርኔት መስመር አስገብተናል። ሂሳቡን ለስድስት እኩል እንካፈላለን። መቼም የሚያኮራ እኩልነት ነው። ከዚያ በኋላ ጋሼ ይጠቀማሉ፣ እኛ እንጾማለን። ለነፍሳችን አስበውልን መሰለኝ።

ለትጋታቸው ምን ቃል ይገኝለታል? ነገሩ እንዲህ ነው። መስመሩን ለሁላችን የሚያከፋፍለው ሳጥን፣ ተራ ራውተር፣ የዋህ ፍጥረት ነው። ሰው አይቆጥርም። እኔ ሳህን ይዤ ድግስ ላይ የቆምኩ ነኝ እንበል፤ አንድ ገጽ ልከፍት ነው፣ አንድ ሁለት ሳህን ይበቃኛል። ጋሼ ግን ፊልሙን ከብዙ ሰው ኮምፒውተር በአንድ ጊዜ እየቆራረሰ በሚያመጣው በቶረንት አንድ ፊልም ሲያወርዱ አርባ ሳህን ይዘው ይሰለፋሉ። ራውተሩም አርባውን ተራ በተራ ይሞላላቸዋል። ወጥ ቤቷ ሰውየውን ቀና ብላ አታይም፤ ሳህኑን ብቻ ነው የምታየው።

ደግሞ ስስታም እንዳይመስሏችሁ። ቶረንት የወሰደውን መልሶ ለሌላ ይልካል። ስለዚህ ጋሼ በማያውቁት አገር ላለ ለማያውቁት ሰው ፊልም ሲያድሉ ያድራሉ። የምንልክበት ጠባብ መስመር በዚሁ ቸርነት ይዘጋል። አምስት ቁጥር ያለችው እህታችን ወንድሟን በቪዲዮ ስትደውልለት «ሰማኸኝ? ሰማኸኝ?» እያለች ካርዷ ሳይሆን ትዕግሥቷ ያልቃል። የወንድሟን ፊት በአራት ማዕዘን ቁርጥራጭ ነው የምታየው። ምን ታደርግ፣ እንግዳ ይቅደም።

እኛም ብንሆን መመስገን አለብን። በሁለት ዓመት ውስጥ አንዳችንም ፊት ለፊት አልተናገርንም። ይሉኝታ የሚባል ነገር አለና። «መስመሩ ነው» እንላለን። «ደመናው ነው» እንላለን። በጣም ሲብስብን ራውተሩን ነቅለን መልሰን እንሰካለን። ይኼ የግቢያችን ጠበል ነው። ለአምስት ደቂቃ ያሽራል።

ይኼን የመሰለ ሰላም ያደፈረሰው የሁለት ቁጥሩ ተማሪ ነው። ከየት እንዳመጣው እንጃ፣ አንድ አሮጌ ራውተር ይዞ መጣ። ኦፕንደብልዩአርቲ ጫነበት። ሊኑክስ በሚባለው የኮምፒውተር ሲስተም ላይ የተሠራ፣ ኮዱ ክፍት የሆነ፣ ገንዘብ የማይጠይቅ የራውተር ሲስተም ነው። ውስጡ ደግሞ ኬክ የሚባል ነገር አለ። ስሙን እኔ አላወጣሁለትም። ከ2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከሊኑክስ እምብርት፣ ከከርነሉ፣ ጋር አብሮ ይመጣል። ሥራው እንደ ስሙ ነው፤ ቆራርሶ ያካፍላል። በወጉ ከተስተካከለ ሳህኑን ትቶ ተሰላፊውን ይቆጥራል። አርባ ሳህን የያዘውም አንድ ኮምፒውተር፣ አንድ የያዘውም አንድ ስልክ።

ጋሼ በአንድ ቀን መላ አገኙ። በማግስቱ ሁለት ስልክ፣ አንድ ታብሌትና አንድ ቴሌቪዥን አገናኙ። ኬኩ አምስት ሰው ነው ብሎ ተቀበላቸው። እንዲህ ያለ ጭንቅላት በየግቢው አይገኝም!

ልጁም አልተኛም። ኤችቲቢ የሚባለውን አመጣ። ይኼኛው በክፍል በክፍል ይመድባል። ለእያንዳንዱ ክፍል 1.5 ሜጋ ቁርጥ ድርሻ፣ ጣሪያው 9 ሜጋ። ጎረቤትህ ከተኛ ድርሻውን ትበደራለህ፤ ሲነቃ ትመልሳለህ። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጋሼ ብቻቸውን ከሆኑ ዘጠኙም ሜጋ የሳቸው ነው። ለአንድ ሳምንት ያህል የአምስት ቁጥሯ ወንድም ሙሉ ፊት ነበረው።

ጋሼ ግን አስተዋይ ናቸው። የግቢውን ስብሰባ ጠሩና አንድ ጥያቄ አነሱ።

«የከፈልነው ለ10 ነው። አንዷ ሜጋ የት ገባች?»

ልጁ አስረዳ። ከመስመሩ አቅም ትንሽ ዝቅ ካላልን ወረፋው እኛ በማናዝበት ሞደም ላይ ይቆማል፤ ዝቅ ካልን ግን በራሳችን ራውተር ላይ ቆሞ እኛ እናስተናግደዋለን፣ አለ። ለማንም አልገባም። የገባን አንድ ነገር ነው፤ አንድ ሜጋ ጠፍታለች። ልጁ ላይ ያየሁትን ዓይን ሌባ ላይ እንኳ አላየሁም።

«ደግሞስ እኔ ልለካ?» አሉ ጋሼ። «ጨርቅ ነኝ እንዴ?»

እውነታቸውን ነው። መለካትና ተራ መጠበቅ የገበሬ ነገር ነው። ጣርማበርን አልፋችሁ ወደ ሸዋ ሮቢት ቆላ ብትወርዱ ገበሬዎቹ የመስኖ ውሃ በተራ ነው የሚያጠጡት። የውሃ አባት ይመርጣሉ። የላይኛው ሰው ቦዩን ዘግቶ ቢያድር ይጠየቃል። መንዞችማ ከነሱ ይብሳሉ፤ የጓሳን ሣር ስንት ዘመን በሕግ ሲዘጉና ሲከፍቱ ኖረው፣ ይኸው ሣሩ እስከ ዛሬ አላለቀላቸውም። እኛ ግን ከተሜዎች ነን። ፋይበር አስገብተናል። የምን የውሃ አባት?

«ጋሼ፣ ማንንም ለመንካት አይደለም…» ብሎ ጀመረ ልጁ።

«አንተ ዝም በል» አሉት።

የቤቱ ባለቤት እትዬ ነጠላቸውን አስተካክለው ተነሡ። «ልጆቼ፣ ሰው እንዳይቀየምብኝ» አሉ። ጉዳዩ በዚሁ አለቀ። የልጁ ራውተር ወደ ካርቶኑ ገባ፣ የድሮው ተሰካ። የጠፋችው ሜጋም ለጋሼ ተመለሰች።

ባለፈው ቅዳሜ ማታ ጋሼ በራቸውን ከፍተው ተጣሩ። ተከታታዩ ፊልም እስከ መጨረሻው ክፍል ወርዷል። «ፍላሽ ያላችሁ አምጡ፣ ልስጣችሁ!» ሰው ወዳድ ናቸው ብያለሁ። አምስታችንም ጋቢያችንን ተከናንበን፣ ፍላሻችንን ይዘን በራቸው ላይ ደረስን። እኔ ሁለት ይዤ ነበር።

ጋሼ ከላይ እስከ ታች አዩኝ።

«ምንድን ነው ግፊያው? ተራ ያዙ እንጂ! ደሞ ለአንድ ሰው አንድ ፍላሽ ብቻ ነው።»