ርካሹ የካርቦን ቸርኬ እና የእንጦጦ ቁልቁለት

ባለፈው መስከረም፣ እሑድ ማለዳ፣ ከእንጦጦ ወደ ሽሮ ሜዳ ከሚወርዱ ብስክሌተኞች መካከል ነበርኩ። ከፊቴ የነበረው ወጣት ፍሬኑን ያዝ ለቀቅ እያደረገ ድንገት ወደ መንገዱ ዳር ወጣ። ስደርስበት የተቃጠለ ላስቲክ ሽታ አፍንጫዬን መታኝ። «ጋሼ፣ ፍሬኑ እየነጠረ እጄን ይመታኛል» አለኝ። ብስክሌቱን ከፊት በኩል አንሥተን ጎማውን አሽከረከርነው። በእያንዳንዱ ዙር አንድ ቦታ ላይ ሲደርስ የፍሬኑን ላስቲክ ይገጫል። አውራ ጣቴን በቸርኬው ጎን ላይ ቀስ አድርጌ አሳለፍኩ። ገና ትኩስ ነበር፤ በሚገጨው ቦታ ላይ የባቄላ ፍሬ የምታህል እብጠት ዳሰስኩ። ካርቦኑ አልተሰነጠቀም፣ ቀለሙም አልተለወጠም። እንደ ሊጥ አብጧል።

ወጣቱ ያን ቸርኬ የገዛው ከሦስት ወር በፊት ነበር። በኢንተርኔት ተገዝቶ በዘመድ ሻንጣ የመጣ ጥንድ ነው። የሠሪው ስም የለበትም፤ ስንት ባር (የአየር ግፊት መለኪያ) አየር እንደሚችል፣ ምን ያህል ስፋት ያለው ጎማ እንደሚገባለት የሚነግር ጽሑፍም የለበትም። ለመግዣው ታላቅ እኅቱ ከደመወዟ አዋጥታለታለች። ልጁ አልወደቀም። እብጠቱ ትንሽ ከፍቶ ቢሆን ኖሮ ጎማው ከቸርኬው ይላቀቅ ነበር፤ ከኋላችን ደግሞ ሚኒባስ እየወረደ ነበር።

ከዚያ ቀን ወዲህ ጉዳዩ በብስክሌተኞች መካከል በተነሣ ቁጥር ሁለት ዓይነት መልስ እሰማለሁ። አንዱ ወገን «የቻይና ካርቦን መግዛት ሞትን በገዛ ገንዘብ መጥራት ነው» ይላል። ሌላው «ውዱም ከዚያው ፋብሪካ ነው የሚወጣው፤ የምትከፍለው ለስሙ ነው» ይላል። ሁለቱም አልተዋጠልኝም። ርካሽ የካርቦን ቸርኬ ለብዙ ሰው የሚጠቅም ዕቃ ሆኗል። አደጋውን የሚወስነው ፍሬኑ የት ላይ እንደሚይዝና ስሙን ጽፎ ለዕቃው የሚጠየቅ ሠሪ መኖር አለመኖሩ ነው።

ከፍሬኑ ልጀምር። የካርቦን ቸርኬ ከፀጉር የቀጠኑ የካርቦን ክሮች በሙጫ ተያይዘው፣ በቅርጽ ማውጫ ውስጥ በሙቀትና በግፊት ደርቀው የሚሠራ ነው። ክሩ ሙቀት አይፈራም፤ ሙጫው ግን ይፈራል። ተራው ሙጫ ከ120 እስከ 150 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ መለስለስ ይጀምራል። ለፍሬን ተብሎ የሚቀመመው ከ200 ዲግሪ በላይ ይታገሣል፤ ዋጋውም በዚያው ልክ ይንራል። አሉሚኒየም ያረፈበትን ሙቀት ቶሎ በመላ አካሉ አሰራጭቶ ለነፋስ ይሰጠዋል። ካርቦን ግን ፍሬኑ በያዘበት ቦታ አፍኖ ያቆየዋል። በዚያ ላይ ጎማው ውስጥ ያለው አየር ሲሞቅ ግፊቱ ይጨምርና የለሰለሰውን ግድግዳ ወደ ውጭ ይገፋዋል። እንጦጦ ላይ በአውራ ጣቴ የዳሰስኩት ይህንን ነው።

ሙቀቱ ምን ያህል እንደሆነ ለመገመት የአባይ በረሃን እናስብ። ከጎሃ ጽዮን እስከ ድልድዩ ድረስ መንገዱ ወደ 1,400 ሜትር ያህል ቁልቁል ይወርዳል። ነጂውና ብስክሌቱ አንድ ላይ 80 ኪሎ ቢመዝኑ በዚያ ቁልቁለት የሚለቀቀው ኃይል 1.1 ሚሊዮን ጁል ገደማ ነው። ይህ ከሦስት ሊትር በላይ ቀዝቃዛ ውሃ አፍልቶ ያገነፍላል። ግማሹን ነፋስ ይውሰደው እንበል፤ የቀረው የሚያርፈው ከጣት በማይሰፉ የቸርኬ ጎኖች ላይ ነው። ከከባድ መኪና ኋላ ሆኖ ፍሬኑን ሳይለቅ በዝግታ የሚወርድ ሰው ደግሞ ነፋስ የሚወስድለት ያንሳል፣ ለፍሬኑ የሚተርፈው ይበዛል። ቸርኬውን የሚያቃጥለው ከደፋሩ ይልቅ ጥንቁቁ ነጂ የሚሆነውም ለዚህ ነው። ይህ ሁልጊዜ ያሳዝነኛል፤ ልጆቹን «ቀስ በሉ» እያልን የምንመክረው እኛው ነንና። ኔዘርላንድስ ሜዳ ላይ የሚኖር ሰው ያንኑ ቸርኬ ያለ ችግር ለዓመታት ሊነዳው ይችላል። ጣርማ በርና ሊማሊሞ ባሉበት ሀገር ግን እንደዚያ አይሆንም።

ስለዚህ ፍሬኑ ቸርኬው ላይ ለሚይዝ ብስክሌት ስም የለሽ ርካሽ ካርቦን አትግዙ። እዚህ ላይ አላመነታም። በአሉሚኒየም ቸርኬ የሚቀር ሰው የሚያጣው ነገር ጥቂት ነው፤ ቁጥሩን ወደ በኋላ አሳያለሁ።

ዲስክ ፍሬን ነገሩን ለውጦታል። ሙቀቱ መሃል ላይ ወደታሰረው የብረት ዲስክ ይሄዳል፤ ቸርኬው ቀዝቃዛ እንደሆነ ይወርዳል። የዓለም አቀፉ ብስክሌት ማኅበር ዲስክ ፍሬንን በጎዳና ውድድር ላይ ሙሉ ለሙሉ የፈቀደው እ.ኤ.አ. በ2018 ነው። ዛሬ ታላላቆቹ ቡድኖች የሚነዱት በዲስክ ነው። ከባዱ የሙቀት ፈተና ከቸርኬው ላይ ሲነሣ ጥሩ ቸርኬ በመጠነኛ ዋጋ መሥራት ተቻለ። በቻይና የወደብ ከተማ በሺያመን የሚገኙት ላይት ባይሲክልና ዊንስፔስ የተባሉት ሠሪዎች የገዛ ስማቸውን ጽፈው፣ የአየር ግፊቱንና የጎማውን ስፋት ልክ አስታውቀው፣ ዋስትና ሰጥተው ይሸጣሉ። አንድ ጥንድ ከእንዲህ ዓይነት ሠሪ በ1,000 ዶላር ገደማ ይገኛል፤ የአውሮፓና የአሜሪካ ስም ያለበት ከ2,000 እስከ 4,000 ዶላር ይጠይቃል። እ.ኤ.አ. ከ2025 ጀምሮ የካዛክስታኑ የብስክሌት ቡድን አስታና ኤክስዲኤስ በተባለ የቻይና ኩባንያ ብስክሌት በትልቁ የዓለም ውድድር እየተሳተፈ ነው። «ቻይና ስለሆነ አይረባም» የሚለው ንግግር ጊዜው አልፎበታል።

«ከአንድ ፋብሪካ ነው» የሚለው ክርክር ግን ግማሽ እውነት ነው፤ ግማሽ እውነት ደግሞ ገንዘብ ያስወጣል። ብዙ ስመ ጥር ቸርኬዎች በቻይናና በታይዋን መሠራታቸው እውነት ነው። ሆኖም አንድ ጣሪያ ሥር ሁለት የተለያዩ ቸርኬዎች ሊወጡ ይችላሉ። የካርቦኑ ጨርቅ በስንት ድርብ፣ በየትኛው አቅጣጫ ተነጠፈ? ሙጫው የትኛው ነው? የሽቦዎቹ ቀዳዳ ዙሪያ ተጠናክሯል? ሲፈተሽ ጉድለት የተገኘበት ተሰበረ ወይስ በጓሮ በር ወጣ? ልብስ ሰፊ ሰፈር አድጌአለሁና ይህ አይገርመኝም፤ በአንድ መኪና፣ በአንድ እጅ የተሰፉ ሁለት ኮቶች ገበራቸው ሲገለበጥ አይገናኙም። የካርቦን ቸርኬ ገበር ደግሞ አይገለበጥም። የሠሪውን ስም የምፈልገው በዓይኔ የማላየውን እሱ አይቶ እንዲመሰክርልኝ ነው።

ውድ መግዛትም ከጥንቃቄ ነጻ አያወጣም። ድሮ የቸርኬው ጠርዝ ወደ ውስጥ የታጠፈ ከንፈር ነበረው፤ ጎማው እዚያ ተወሽቆ ይያዛል። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ይህን ከንፈር የተዉ ቸርኬዎች በዝተዋል፤ አሠራራቸው ይቀላል፣ ካርቦን ይቆጥባል። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2024 በተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ ውድድር ላይ ቤልጂየማዊው ቶማስ ደ ጌንት ሲወድቅ ጎማው ከእንዲህ ያለ ከንፈር የለሽ ቸርኬ ላይ ወጥቶ ታየ። ቸርኬው የታወቀ ኩባንያ ሥራ ነበር። የነጂዎች ማኅበር ፕሬዚዳንት አዳም ሃንሰን ዓይነቱን በግልጽ ተቃወሙ፤ የጎማውና የቸርኬው ስፋት መመጣጠን ለብዙ ጊዜ አከራከረ።

ከንፈር ለሌለው ቸርኬ የተፈቀደው ከፍተኛ ግፊት 5 ባር ነው። አሁን ወደ ሰፈራችን ጎሚስታ እንሂድ። ኮምፕሬሰሩ ለጭነት መኪና የተሠራ ነው። ጎሚስታው ቀጭን ጎማ ሲያይ በቀድሞው ልማድ ድንጋይ እስኪሆን ይነፋዋል፤ 7 ባርና 8 ባር በዓይን ጨረፍታ ይታለፋል። ጥፋተኛ አልለውም፤ ቁጥሩን የነገረው ሰው የለም። ስለዚህ ምርጫ ካላችሁ ከንፈር ያለውን ቸርኬ ውሰዱ። ትንሽ ይከብዳል፤ ይክበድ። ግፊት መለኪያ ያለው የእጅ ፓምፕም አብራችሁ ግዙ።

ጥቅሙስ? ወጣቶቻችን ለምን እንደሚመኙት ይገባኛል። ጽጋቡ ግርማይ እ.ኤ.አ. በ2016 በቱር ደ ፍራንስ የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሲሆን አይተዋል። ኤርትራዊው ቢንያም ግርማይ እ.ኤ.አ. በ2024 በዚያው ውድድር ሦስት ምዕራፎችን አሸንፎ የነጥብ አሸናፊውን አረንጓዴ ማልያ ሲለብስ አይተዋል። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2025 ደግሞ የጎዳና ብስክሌት የዓለም ሻምፒዮና ለመጀመሪያ ጊዜ አፍሪካ ምድር ላይ፣ ኪጋሊ፣ ተካሄደ። በእነዚህ ሁሉ ምስሎች ላይ ጥልቅ (ጎኑ ወደ መሃል የረዘመ)፣ ጥቁር ቸርኬ አለ።

ቁጥሩ ግን ከምስሉ ያነሰ ነው። አዲሱ ቸርኬ ከአሮጌው በ300 ግራም ቢቀል፣ ከ80 ኪሎ ላይ ሲሰላ ግማሽ በመቶ እንኳ አይሞላም። ግማሽ ሰዓት በሚፈጅ ዳገት ላይ የሚያተርፈው 7 ሰከንድ ያህል ነው፤ ዳገቱ ከመጀመሩ በፊት ግማሽ ጠርሙስ ውሃ መድፋትም ያንኑ ያቀላል። በሜዳ ላይ የተሻለ ነው። በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ለብቻው ለሚገፋ ሰው 50 ሚሊ ሜትር ጥልቀት ያለው ቸርኬ አየሩን በሚገባ ይቆርጥለታል። አዲስ አበባ በ2,400 ሜትር ገደማ ላይ በመሆኗ አየሯ ከባሕር ጠለል አየር በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነውና ትርፉ እዚህ በመጠኑ ይቀንሳል፤ ቢሆንም አለ። የርካሹ ቸርኬ እውነተኛ ዋጋም እዚህ ላይ ነው፤ ነፋስ የሚያየው ቅርጹን እንጂ ስሙን አይደለምና፣ ከአሉሚኒየም ወደ 1,000 ዶላሩ ካርቦን ሲወጣ የሚገኘው ትርፍ ከ1,000 ወደ 4,000 ዶላር ሲወጣ ከሚገኘው ይበልጣል። ለሚወዳደርና ዲስክ ፍሬን ላለው ልጅ ገንዘቡ በከንቱ አልወጣም። ለሌላው ግን አስቀድሞ ጎማውን ይለውጥ እላለሁ። ለስላሳ፣ ለውድድር የተሠራ ጎማ ከደረቅ መናኛ ጎማ ጋር ሲነጻጸር የሚያተርፈው ጉልበት ብዙ ጊዜ ከካርቦን ቸርኬ አያንስም፤ ዋጋውም ከዚያ በብዙ እጥፍ ያነሰ ነው።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ ያገለገለው ገበያ ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ አሠራሩ ከተለወጠ ወዲህ የዶላር ዋጋ በብር ሲታሰብ ከእጥፍ በላይ ጨምሯል። አዲስ መግዛት ያልቻለ ሁሉ ከሰው እጅ ይገዛል። አሉሚኒየም ጉድጓድ ሲመታ ይጎብጣል፤ ጉዳቱን ማንም ያየዋል። ካርቦን ግን ውስጥ ውስጡን ድርቡ ተላቅቆ ከላይ እንደ መስታወት ያበራል። ያገለገለ ቸርኬ ሲመጣልኝ በአንድ ብር ሳንቲም ጠርዝ ዙሪያውን ቀስ እያልኩ አንኳኳዋለሁ። ጤነኛው ቦታ ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ ድርቡ የለቀቀው እንደ እርጥብ ካርቶን ድፍን ይላል። ከዚያ ሽቦዎቹ የሚገቡበትን ቀዳዳ ሁሉ በእጅ ባትሪ አያለሁ፤ ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ ካለ አልገዛም። የፍሬኑን ላስቲክም አገላብጬ አያለሁ፤ አሉሚኒየም ሲይዝ የኖረ ላስቲክ የብረት ፍንካች ይቀበርበታልና ካርቦኑን እንደ ሞረድ ይበላዋል። ይህ ምርመራ ሁሉን አይገልጥም፤ ቸርኬው ፍሬን የሚይዝበት ከሆነና ታሪኩን የማላውቀው ከሆነ ድምፁ ቢጠራም እተወዋለሁ።

የውድድር አዘጋጆችና ክለቦች እዚህ ላይ ሥራ አለባቸው። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1956 በሜልቦርን ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሎምፒክ ስትሳተፍ ከሯጮቹ ጋር ብስክሌተኞችም ነበሩን፤ በዚህ ስፖርት ትናንት የመጣን አይደለንም። ከውድድር በፊት ለእያንዳንዱ ብስክሌት ሁለት ደቂቃ መስጠት፣ ሳንቲም ማንኳኳት፣ ግፊቱን ለክቶ ቸርኬው ላይ ከተጻፈው ጋር ማመሳከር ብዙ ወጪ አይጠይቅም። ረጅም ቁልቁለት ባለበት ውድድር ደግሞ የሠሪው ስም የሌለበት፣ ፍሬን የሚይዝበት የካርቦን ቸርኬ መነሻው መስመር ላይ መታገድ አለበት። ልጁ ያለቅስ ይሆናል። ከቸርኬው በስተቀር ሁሉም ነገር ተሟልቶለት ለወራት የለፋ ልጅ እንዲያ ሲባል ምን እንደሚሰማው አውቃለሁ፤ ለዚህም ነው ሕጉ ቀደም ብሎ ተነግሮ፣ ክለቡ ጥቂት የአሉሚኒየም ቸርኬዎችን ለውሰት ማዘጋጀት ያለበት።

የእንጦጦው ወጣት ከሳምንት በኋላ ቸርኬውን ይዞ ቤቴ መጣ። ሁለት ሰዎች ሊገዙት ጠይቀውት ነበር፤ አንደኛው እብጠቱን አይቶም «በአሸዋ ወረቀት ይስተካከላል» ብሎታል። ልጁ መጋዝ አውሰኝ አለ። ሽቦዎቹን አንድ በአንድ ፈታ፤ አፍና አፍንጫውን በጨርቅ አሰረና እኔ ውሃ እያፈሰስኩለት ቸርኬውን ከሁለት ቆረጠው። የተቆረጠው ቦታ ላይ ድርቦቹ ተለያይተው፣ መሃላቸው የጥፍር ጫፍ የሚያስገባ ክፍተት ነበር። ለብዙ ደቂቃ ዝም ብሎ ሲያየው ቆየ። ከዚያ ሽቦዎቹንና የመሃሉን ብረት በጋዜጣ ጠቅልሎ ቦርሳው ውስጥ ከተተና የአሉሚኒየም ቸርኬ ዋጋ ስንት እንደሆነ ጠየቀኝ።